ዩንሲቭ ላይ ኢትዮጵያ ሁሌ ባሕር ዳርቻ ትጀምርብኛለች፤ ደጋ ላይ ማስጀመር የቻለ አለ?

ቆላና_ደጋ · ማክሰኞ፣ ማታ 3፡20

ሰላም ቤተሰብ። ጥያቄዬ አጭር ነው፤ ግን ሦስት ሳምንት አስቸግሮኛል።

ስልኬ ላይ ዩንሲቭ እጫወታለሁ። ለማታውቁት፣ ሲቪላይዜሽን 5ን (አንድ ሕዝብ ይዘህ ከተማ የምትቆረቁርበትን ጌም) በነፃ እንደ አዲስ የሠራ ክፍት ምንጭ ጌም ነው። ስዕሉ ቀላል ነው፣ ዳታ አይበላም፣ አሮጌ ስልክ ላይም ይሠራል። የምጫወተው ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው። ተራ በተራ የሚሄድ ጌም ለተራ ጠባቂ ሕዝብ የተፈጠረ ይመስለኛል። ሰልፉ ሲንቀሳቀስ ኪሴ እከተዋለሁ፤ የጌሙ ተቀናቃኜ ሞንቴዙማ፣ የአዝቴኩ ንጉሥ፣ እስክመለስ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል።

የምይዘው ሁሌም ኢትዮጵያን ነው። ካርታውን በዘፈቀደ ነው የማስወጣው። እና ሁሌ ባሕር ዳርቻ ይጥለኛል። ባሕር ዳር አላልኩም፤ እሱማ ጥሩ ነበር። ዳርቻ! አዲስ አበባን አሸዋ ላይ እቆረቁራታለሁ፤ በአንድ በኩል ዓሣ፣ በሌላ በኩል ዕንቁ።

ትናንት ማታ ወረቀት ይዤ ቆጠርኩ። 23 ጊዜ አዲስ ካርታ አወጣሁ። 14ቱ ባሕር ዳርቻ፣ 5ቱ ሜዳ፣ 3ቱ ጫካ። አንዱ ሰሜን ጫፍ በረዶ ላይ ነበር፤ እሱን ዝም ብዬ ዘጋሁት።

የምፈልገው ደጋ ነው። ከፍ ብሎ የተዘረጋ፣ ዙሪያው ገደል፣ መሀሉን ወንዝ የቆረጠው። ማስተካከያው ውስጥ የምነካው ነገር አለ ወይስ የግድ ሞድ (ጌሙን የሚቀይር ጭማሪ ፋይል) ያስፈልጋል? ሞድ ሠርቼ አላውቅም። በፊት አንድ ልጅ «ሞድ ጫንበት» ሲለኝ ሙድ የያዘብኝ መስሎኝ ነበር።

ዳማ_በቆርኪ · ማክሰኞ፣ ማታ 3፡31

የምድርን ካርታ ጫንና ተገላገል። ሁሉም በቦታው ነው።

ቆላና_ደጋ · ማክሰኞ፣ ማታ 3፡34

ሁሉም በቦታው ከሆነማ ምን ቀረኝ? ግብፅ የት እንዳለች፣ ወርቁ የት እንዳለ አውቄ መጀመር መልሱን ይዞ ፈተና መግባት ነው። ያልታየውን ካርታ የሸፈነውን ጭጋግ መግፈፍ ነው የምወደው።

ቴዲ_ሲኤምሲ · ማክሰኞ፣ ማታ 3፡50

አቦ ይሄማ ቀላል ነው። አዲስ ጌም ስትጀምር ከካርታው አማራጮች ሥር የላቀ ማስተካከያ የሚል አለ። ክፈተው። የከፍታ መጎተቻ ታገኛለህ። እስከ ጥግ ሳበው። ሀገሩ ሁሉ ተራራ ይሆናል።

ቆላና_ደጋ · ማክሰኞ፣ ማታ 4፡45

ሳብኩት። ሀገሩ ሁሉ ተራራ ሆነ፤ እውነትህን ነው።

ግን እዚህ ጌም ላይ ተራራ አይወጣም፤ ግድግዳ ነው። ከተማ የሚቆረቁረው ሰፋሪዬ ከቆመበት ባለ ስድስት ጎን ሳጥን ዞር ዞር ብዬ ሳይ በአራት ጎኑ ተራራ፣ በአምስተኛው ሐይቅ። መውጫው ስድስተኛው ጎን ብቻ ነው። እሱም ወደ ሌላ ተራራ ይወስዳል። 60 ተራ ሙሉ የሰው ዘር አላየሁም። ማንም አልመጣብኝ፣ እኔም ማንም ጋ አልሄድኩ። ጦርነት የለ፣ ንግድ የለ። መነኮስኩ።

ቴዲ_ሲኤምሲ · ማክሰኞ፣ ማታ 4፡47

ሃሃሃ ደብረ ዳሞ ላይ ነው ያወጣህ። ገመድ አስጥል።

ሰላማዊት_ኮድ · ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡15

ቆላና ደጋ፣ ችግርህ ሁለት ነው፤ አንተ ግን እንደ አንድ ይዘኸዋል። አንዱ መሬቱ እንዴት ይቀረጻል የሚለው ነው። ሌላው መሬቱ ካለቀ በኋላ ማን የት ይቀመጣል የሚለው ነው። ያንተ ሕመም ሁለተኛው ላይ ነው። 23 ጊዜ የቀያየርከው ግን የመጀመሪያውን ነው።

ስለ መጀመሪያው ትንሽ ልበል፤ ሥራ የምገባው 3 ሰዓት ስለሆነ ጊዜ አለኝ።

እንዲህ ዓይነት ጌሞች መሬት ሲቀርጹ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሙት ፐርሊን ኖይዝ የሚባል ስሌት ነው። ኬን ፐርሊን በ1980ዎቹ መጀመሪያ ያመጣው ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። በኮምፒውተር የሚሳል ነገር ሁሉ ልሙጥ መምሰሉ አስጠልቶት ነበር። ሥራው በ1997 የኦስካር የቴክኒክ ሽልማት አሰጥቶታል።

አሠራሩን በጋቢ ላስረዳህ። አልጋ ላይ ወፍራም ጋቢ ወርውር። ሳታስተካክል ተወው። ትልልቅ ጉብታና ጎድጓዳ ይሠራል። በላዩ ነጠላ ጣል አድርግበት፤ አነስ ያለ እጥፋት ይጨምራል። በነጠላው ላይ ሻሽ። የሦስቱ ድምር መልክዓ ምድር ይመስላል። ኮምፒውተሩም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ሰፊውን ሞገድ ከጠባቡ ጋር ይደምራል። ከዚያ መስመር ያሰምራል። ከዚህ በታች ባሕር፣ ከዚህ በላይ ኮረብታ፣ ከዚያም በላይ ተራራ። ሙቀትና እርጥበት የየራሳቸው ጋቢ አላቸው፤ በረሃውና ጫካው ከነሱ ነው የሚወጣው።

ቴዲ ያስጎተተህ ከፍታውን ነው። ከፍታው ሲጎተት ተራራ የሚባለውን መስመር የሚያልፈው ቦታ ይበዛል። ስለዚህ ደጋ አላገኘህም፤ ግድግዳ አበዛህ። ዩንሲቭ ላይ የኛን ደጋ የሚመስለው ኮረብታው ነው። ይወጣል፣ ከተማ ይቆረቆርበታል፣ ለተከላካይም ያግዛል።

ካርታ ደግመህ ስታስወጣ ደግሞ የሚቀየረው ሲድ የሚባለው ቁጥር ነው። የሲቪላይዜሽንን ፈጣሪ ሲድ ሜየርን አላልኩም፤ ዘር ማለት ነው። ዘፈቀዱ ሁሉ የሚበቅለው ከዚያ ቁጥር ነው። ቁጥሩ፣ ማስተካከያው፣ የጌሙም እትም አንድ ከሆነ የሚወጣው ካርታ አንድ ነው። ኮምፒውተር ጠጠር አይጥልም። የሚመስለውን ያሰላል።

አሁን ወደ ሁለተኛው። መሬቱ ካለቀ በኋላ ጌሙ እያንዳንዱን ሕዝብ የሚያስቀምጥበት ቦታ ያፈላልጋል። ለዚህ እያንዳንዱ ሕዝብ ስታርት ባያስ የሚባል ምርጫ ሊኖረው ይችላል። የዩንሲቭን የሕዝቦች ፋይል ክፈትና ኢንካን ፈልግ። አንድ መስመር ታያለህ፤ ኮረብታ ይመርጣል ይላል። ሲቪላይዜሽን 5 ላይም ኢንካ የኮረብታ ሰው ነው፤ ሠራዊቱ ኮረብታ ላይ እንደ ሜዳ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ጌሙ ኮረብታ ያለበት ቦታ ይፈልግለታል።

ያንን መስመር ለኢትዮጵያ ስጣት። ሞዱ ይኸው ነው፤ አንድ መስመር።

ቆላና_ደጋ · ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡40

ሰሊ፣ ጋቢውን ገና ሳነብ ገባኝ። እግዜር ይስጥልኝ። ግን መስመሩን የት ነው የምጽፈው? እኔ ፋይል ስከፍት እጄ ይንቀጠቀጣል።

ሰላማዊት_ኮድ · ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡58

አይንቀጥቀጥ፣ ጽሑፍ ብቻ ነው። ለሞድህ አንድ ፎልደር ፍጠር። ውስጡ ጄሰንስ የሚል ፎልደር፣ በሱ ውስጥ ኔሽንስ የሚል ፋይል። የኢትዮጵያን ሙሉ መግለጫ ከዋናው ገልብጠህ ለጥፍ፤ ከዚያ መስመሩን ጨምር።

ሙሉ ያልኩህ በምክንያት ነው። ስሙ አንድ ከሆነ የሞዱ መግለጫ የዋናውን ጠቅላላ ይተካዋል። አንዷን መስመር ብቻ ከጻፍክ ከተሞቿ፣ ቀለሟ፣ «የአድዋ መንፈስ» የሚለው ችሎታዋ ሁሉ ይጠፋል።

ቆላና_ደጋ · ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡03

የአድዋ መንፈስማ ከጠፋ ጌሙን አጠፋዋለሁ። ከኔ የበዛ ከተማ ያለውን ስገጥም 20 በመቶ ብርታት የሚሰጠኝ እሱ ነው። ሆን ብዬ በሦስት ከተማ የምቀመጠው ለምን ይመስልሻል?

ጋሽ_አበራ · ረቡዕ፣ ከሰዓት 9፡30

ልጆች፣ ጨዋታችሁ ጣፋጭ ሆኖብኝ ገባሁ። እኔ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው፤ እዚህ ገና መንጋቱ ነው። የሲቪላይዜሽን 4 ሰው ነኝ። እናንተ በስልክ የምትጫወቱትን አላውቀውም፤ ስለ ካርታ ግን የምለው አለኝ።

ሲቪላይዜሽን 4 በ2005 ሲወጣ የካርታ ማውጫዎቹ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፉ ተራ ፋይሎች ነበሩ። አንድ ፎልደር ውስጥ ተደርድረው ይገኛሉ። በኖትፓድ ትከፍታቸዋለህ። እኔ የሒሳብ መዝገብ ያዥ ነኝ እንጂ ፕሮግራመር አይደለሁም። ግን ቁጥር አውቃለሁ። አንዱን ፋይል ኮፒ አደረግኩና የኮረብታውን ድርሻ ከፍ አደረግኩ። ጌሙን አስነሳሁ። ወጣ! ያን ቀን የተሰማኝን ለባለቤቴ ላስረዳት ሞክሬ አልተሳካልኝም።

በ2007 ቢዮንድ ዘ ሶርድ የሚባለው ማስፋፊያ ሲመጣ ኢትዮጵያ ገባች፤ መሪዋ ዘርዓ ያዕቆብ፣ ዋና ከተማዋ አክሱም። ስክሪኑ ላይ ሳየው ቡናዬን ደፋሁ።

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር። ሰላማዊት የነገረችን የጋቢው መንገድ ብቸኛው አይደለም። ሂሮስ ኦፍ ማይት ኤንድ ማጂክ 3ን የምታውቁ ትኖራላችሁ። በ1999 የወጣ ነው። የካርታ ማውጫ ያገኘው አርማጌዶንስ ብሌድ በተባለው ማስፋፊያ ነው። እሱ ጋቢ አይወረውርም። ከንድፍ ነው የሚነሳ። ስንት ሰፈር ይኑር፣ የቱ ሰፈር ከየቱ ይገናኝ፣ በሁለቱ መሀል ያለውን በር የሚጠብቀው ጦር ምን ያህል ይጠንክር፣ በየሰፈሩ የሚቀመጠው ሀብት ስንት ይመዝን። ይህ ሁሉ ጽሑፍ ላይ ተቀምጧል። መሬቱ፣ ዛፉ፣ ድንጋዩ የሚሞላው ከዚያ በኋላ ነው።

የሰርግ ድንኳን አስቡት። ሙሽሮቹ የት፣ ሽማግሌዎቹ የት፣ ጠላው በየት በኩል ይግባ ተብሎ ይወሰናል። ሣሩ የሚጎዘጎዘው በመጨረሻ ነው። ሂሮስ እንደዚያ ነው። ለዚህም ነው ሰዎች እስከ ዛሬ በዘፈቀደ ካርታ ላይ የሚወዳደሩበት። ጀበስ ክሮስ የሚባለው ንድፍ ተጫዋቾቹን ዳር ዳር ያስቀምጥና ትልቁን ሀብት መሀል ላይ ያደርገዋል። መሬቱ በየጊዜው ይለወጣል። ጠቡ ግን ያው መሀሉ ላይ ነው።

አዲስ አበባ ሳለሁ አራት ሆነን በአንድ ኮምፒውተር እንጫወተው ነበር። አንዱ ሲጫወት ሦስቱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። አንደኛው ጓደኛችን መነጽር ያደርጋል፤ ከግድግዳው ላይ ካለው የፎቶ መስታወት ስክሪኑን ያነብ እንደነበር ያወቅነው ከዓመት በኋላ ነው።

ቴዲ_ሲኤምሲ · ረቡዕ፣ ከሰዓት 9፡52

ጋሼ በጣም ተመችተውኛል 😂 የመስታወቱን ሰውዬ አሁንም ያገኙታል?

ጋሽ_አበራ · ረቡዕ፣ ከሰዓት 10፡05

የልጄ ክርስትና አባት ነው። ዛሬም ካርታ ሲጫወት ማንም አጠገቡ አይቀመጥም።

ዳማ_በቆርኪ · ረቡዕ፣ ከሰዓት 10፡20

እኔ ግን ሲቪላይዜሽን 6ን ነው የምመክረው፣ ዶላር ካርድ ያለው ዘመድ ካለህ። በሐምሌ 2020 የኢትዮጵያ ጥቅል ወጥቶለታል። መሪው ምኒልክ ነው፤ በአማርኛ ያናግርሃል። ኮረብታ ላይ የቆረቆርከው ከተማ ከእምነትህ 15 በመቶውን ያህል ሳይንስና ባህል ያገኛል። ወታደሮችህም ኮረብታ ላይ ሲዋጉ 4 ነጥብ ይጨመርላቸዋል። አንተ በሞድ የምትፈልገው እዚያ ተሠርቶ የተቀመጠ ነው።

7ተኛውን ግን እኔ እንጃ። በ2025 ሲወጣ አህጉሮቹ በማስመሪያ የተቆረጡ ይመስሉ ነበር። ሰው ሁሉ ጮኸ። ከዚያ በኋላ በመጣ ማሻሻያ የካርታ አወጣጡን ቀየሩት።

ብዕር_ከሊኑክስ · ረቡዕ፣ ማታ 2፡10

ሁላችሁም ፍሪሲቭ የሚባለውን ጌም ረሳችሁት። በ1995 ሦስት የዴንማርክ ተማሪዎች የጀመሩት ነው፣ አሁንም ሕያው ነው፣ ነፃ ነው። አራት ጂቢ ራም ያላት ላፕቶፔ ላይ እንደ ቅቤ ይሄዳል።

እዚያ ላይ ካርታውን የምታዘው በጽሑፍ ነው። የየብስ ድርሻ ሳትነካው 30 በመቶ ነው። የተራራማነቱ መጠን፣ የእርጥበቱ፣ የሙቀቱ እያንዳንዳቸው ቁጥር አላቸው። የካርታው ዘርና የጨዋታው ዘር ደግሞ ለየብቻ ናቸው። ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ ያንኑ መሬት ይዘህ ሌላ ዕድል መሞከር ትችላለህ።

የመጣሁበት ግን ሌላ ነው። ፍሪሲቭ ላይ ተራራ ይወጣል። ሦስት እርምጃ ያስከፍልሃል እንጂ አይከለክልህም። ዩንሲቭ ላይም ይህንኑ ማድረግ ትችላለህ። የመሬት ዓይነቶች ፋይል ውስጥ ተራራ የሚለውን ፈልግ። አይታለፍም የሚል መስመር አለው። ሙሉውን መግለጫ ወደ ሞድህ ገልብጥ፣ ያንን መስመር አጥፋ፣ የመራመጃ ዋጋውን 3 አድርግ። ግድግዳህ አምባ ይሆናል።

ቆላና_ደጋ · ረቡዕ፣ ማታ 2፡18

ወይኔ! አምባ! ቃሉን ነው ያመጣህልኝ። ዛሬ እንቅልፍ የለም።

ቆላና_ደጋ · ረቡዕ፣ ሌሊት 6፡40

አልሠራም። ጌሙ ሞዱን ጨርሶ አያየውም። እንደ ነገራችሁኝ ነው ያደረግኩት። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ይኸው ስክሪንሾት።

ሰላማዊት_ኮድ · ሐሙስ፣ ጠዋት 1፡05

ስክሪንሾቱን አጉልቼ አየሁት። ስስቅ ሻዬን ልደፋው ነበር፤ ይቅርታ።

የጨመርካት መስመር መጨረሻ ላይ ያለው ምልክት ኮማ አይደለም። «፣» ነው። የአማርኛ ኪቦርድህ በርቶ ነው የጻፍከው። ጄሰን (የሞዱ ፋይል የሚጻፍበት ስልት) የሚያውቀው የፈረንጁን ኮማ ብቻ ነው፤ ነጠላ ሰረዝ ሲያይ ደንግጦ ፋይሉን ሁሉ ይጥለዋል። ጥቅሱም «» ሆኗል። ሁለቱንም ቀይር። ደግሞ ጌሙ ውስጥ ማስተካከያው ላይ የሞድ ስህተት ፈልግ የሚል ገጽ አለ። እንቅልፍህን ከማጣትህ በፊት እሱን ክፈት።

ቆላና_ደጋ · ሐሙስ፣ ጠዋት 1፡22

አማርኛ መምህሬ ነጠላ ሰረዝ ባለማድረጌ አንድ ማርክ ቀንሰውብኝ ነበር። ዛሬ አድርጌ አንድ ሌሊት አጣሁ።

ሠራ!! ከቢሮ ስወጣ እጽፋለሁ።

ቴዲ_ሲኤምሲ · ሐሙስ፣ ቀን 6፡30

አንድ ነገር ልምከርህ፤ በኔ የደረሰ ነው። አንድ ትልቅ ሞድ ነበረኝ፣ አዳዲስ ሕንፃ ምናምን የሚጨምር። 280ኛ ተራ ላይ ደርሼ ነበር። ስልኬ ሞላ አለኝና ለፎቶ ቦታ ስፈልግ ሞዱን አጠፋሁት። በኋላ ጨዋታዬን ልከፍት ስል ሞዱ የለም አለኝ። እሺ ብዬ መልሼ አወረድኩት። ለካ ባለቤቱ በመሀል የአንዳንዱን ሕንፃ ስም ቀይሮታል። የኔ ጨዋታ የድሮውን ስም ነው የሚያውቀው። አልከፈት አለ። ያ ጨዋታ እስከ ዛሬ ስልኬ ውስጥ ተቀምጧል። ማጥፋት አቃተኝ።

ሰላማዊት_ኮድ · ሐሙስ፣ ቀን 6፡44

ለሁሉም፦ ጨዋታ መሀል ላይ ሞድ አታሻሽሉ። የግድ ከሆነ የሞዱን ፎልደር ሌላ ቦታ ገልብጣችሁ አስቀምጡ። የቴዲ ዓይነት ሐዘን በየሳምንቱ አነባለሁ።

ዳማ_በቆርኪ · ሐሙስ፣ ከሰዓት 8፡15

የኔ ጥያቄ ለሰሊ። አምባው መጣ፣ ኮረብታው መጣ። ገደሉስ? ልጁ መጀመሪያ የጠየቀው «ወንዝ የቆረጠው» ነበር። ዓባይ በረሃን በመኪና የወረደ ሰው ያውቀዋል። ከጎሐ ጽዮን ተነስተህ ድልድዩ ጋ ስትደርስ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ወርደሃል። ጃኬትህን ታወልቃለህ። ደጀን ስትወጣ መልሰህ ትለብሳለህ። ይህን የሚያወጣ ጌም አላየሁም።

ሰላማዊት_ኮድ · ሐሙስ፣ ማታ 2፡50

ጥሩ ጥያቄ ነው። ጋቢው ላይ ለምን እንደማይወጣ ልንገርህ።

ጋቢ ሲወረወር የሚሠራው ጉብታ ክብ ክብ ነው፤ አናቱም ግርጌውም ለስላሳ። የኛ ደጋ ግን እንደዚያ አልተሠራም። የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ቅልጥ አለት በላይ በላዩ እየፈሰሰ ተነባበረ፤ ጠረጴዛ ሆነ። መሬቱም ከፍ አለ። ከዚያ ወንዝ ጠረጴዛውን በቢላ እንደ ዳቦ ቆረጠው። ላዩ ሜዳ፣ ጎኑ ገደል። ይህን ለማውጣት ጌሙ ሁለት ነገር ይጎድለዋል፤ አናቱን የሚደለድል እና ውሃ ለረጅም ዘመን የሚያፈስ።

የመጀመሪያው ቀላል ነው። ከፍታው ከተወሰነ ቁጥር ካለፈ ሁሉንም እኩል አድርገው። አናቱ ድልድል ይሆናል። ሁለተኛው፣ ወንዙ ባለፈበት ከፍታውን ቀንስ፣ ደጋግመህ። የውሃ ሸርሸራን የሚያስመስሉ ስሌቶች አሉ፤ ተራ በተራ የሚሄዱት ጌሞች ብዙም አይደክሙበትም፤ ምክንያቱም እንደ ዩንሲቭ ባሉት ላይ ወንዝ የሚሄደው በካርታው ሳጥኖች ጠርዝ ላይ ነው። ስፋት የለውም። ስለዚህ ዓባይን እንደ ክር ነው የምታየው፤ ገደሉ የሚያርፍበት ሳጥን የለም።

ዩንሲቭ ላይ ደግሞ ሞድ የጄሰን ጽሑፍ እንጂ ኮድ አይደለም። የካርታ አወጣጡን ራሱን አትጽፍም። አዲስ የመሬት ዓይነት ግን መጨመር ይቻላል። «በረሃ» ብለህ፣ ዋጋው 3 የሆነ፣ ተከላካዩን የሚጎዳ። የት እንደሚወጣ በሙቀትና በእርጥበት መወሰን ትችላለህ። ወንዝ ዳር ብቻ ይውጣ የሚል ግን እኔ አላገኘሁም። እሱን በካርታ አርታዒው በእጅ ነው የምትቀባው።

ጋሽ_አበራ · ሐሙስ፣ ማታ 3፡30

ሲቪላይዜሽን 4 ላይ ግን ካርታ ማውጫው ራሱ ኮድ ስለሆነ ይቻላል። ሰላማዊት ያልሽውን የአናት መደልደል ቅዳሜ እሞክረዋለሁ። በቁጥር ከሆነ እኔን አያቅተኝም።

ሰላማዊት_ኮድ · ሐሙስ፣ ማታ 3፡34

ጋሼ፣ ፋይሉን ከመንካትዎ በፊት ኮፒ ያድርጉ እሺ? ከተቸገሩ እዚሁ ይለጥፉልኝ፣ አየዋለሁ።

ብዕር_ከሊኑክስ · ሐሙስ፣ ማታ 3፡50

በእጅ መቀባት ከተነሳ ባትል ፎር ዌስኖዝ የሚባለው የጦርነት ጌም ካርታ ጽሑፍ ፋይል ነው። ለሣሩ፣ ለኮረብታው፣ ለውሃው ሁለት ሁለት ፊደል አለው፣ በኮማ ተለያይተው። (በፈረንጅ ኮማ፣ ቆላና ደጋ!) ስልክ ላይ ቁጭ ብለህ ዓባይን በፊደል ትጽፋለህ። የዘፈቀደ ማውጫም አለው። ግን እዚያ መሬት ሕይወት ነው፤ ድንክዬው ተዋጊ ተራራ ላይ ሲቆም ከሚሰነዘርበት 70 በመቶው አያገኘውም። ተራራው የጠላትህ ደጅ ላይ ከወጣ አለቀልህ። ለውድድር በእጅ የተሠራውን የሚመርጡት ለዚህ ነው።

ቆላና_ደጋ · ዓርብ፣ ማታ 1፡25

መጣሁ። ሪፖርት።

የሞዱ ስም «አምባ» ነው። ሁለት ፋይል ብቻ። አንዱ ኢትዮጵያን ኮረብታ ያስመርጣታል፣ አንዱ ተራራን ያስወጣል። የከፍታውን መጎተቻ ከመሀል ትንሽ ብቻ ከፍ አደረግኩት፤ ቴዲ ይቅር በለኝ። የባሕሩን መጠንም ትንሽ ቀነስኩ።

10 ጊዜ አስወጣሁ። 8ቱ ኮረብታ። ከቀሩት አንዱ ያው ዳርቻ ነው፤ ምርጫ ነው እንጂ ሕግ አይደለም ማለት ነው።

አሁን የያዝኩትን ልንገራችሁ። አዲስ አበባ ኮረብታ ላይ ናት። ከበስተ ሰሜን አራት ተራራ በተርታ። ሁለተኛ ከተማዬን ተራራው አናት ላይ ቆረቆርኳት። ምግብ የላትም፤ ሕዝቧ 3 ላይ ቆሟል። ግን ማንም አይነካትም። ሞንቴዙማ በ90ኛው ተራ መጣ። ጦሩ ሽቅብ ሲወጣ በየተራው አንድ ሳጥን ብቻ። እኔ ከላይ ሆኜ ቀስተኛ። ስድስት ተራ ሙሉ ሲወጣ አየሁት። ከጭፍሮቹ አምስቱ አለቁ፤ ስድስተኛው ተመለሰ። ታክሲ አምልጦኛል።

አንድ ያልጠበቅኩት፦ ጎረቤቶቼም ተራራ መውጣት ተምረዋል። ትናንት የኢንካ ሰፋሪ ከኋላዬ በተራራው ዞሮ መጥቶ ወርቄ አጠገብ ከተማ ቆረቆረ። በፊት ግድግዳው ይጠብቀኝ ነበር።

ካርታዬን መሞከር ለሚፈልግ ሲዱ 1888 ነው። አራት ማዕዘን ካርታ፣ ፓንጌያ (የብሱ አንድ ላይ የሆነበት)።

ቴዲ_ሲኤምሲ · ዓርብ፣ ማታ 2፡05

1888 አስገባሁ። ሞዱንም ጫንኩ። ባሕር ዳርቻ ወጣሁ። ዓሣ፣ ዕንቁ፣ ሁሉም ነገር። ሙድ ነው የያዝክብኝ?

ሰላማዊት_ኮድ · ዓርብ፣ ማታ 2፡09

ቴዲዬ፣ መጎተቻዎቹን እንደሱ አደረግካቸው? የካርታውስ መጠን?

ቴዲ_ሲኤምሲ · ዓርብ፣ ማታ 2፡11

መጎተቻ አልነካሁም። መጠኑን ትንሹን ነው የመረጥኩት።

ቆላና_ደጋ · ዓርብ፣ ማታ 2፡12

የኔ ትልቁ ነው። መጎተቻዎቹን በፎቶ ልኬልሃለሁ።

ቴዲ_ሲኤምሲ · ዓርብ፣ ማታ 2፡20

ትልቁን ስከፍት ስልኬ እንደ ምጣድ ይግላል። ጋሼ፣ የርስዎ ካርታ ቅዳሜ ስንት ሰዓት ላይ ይደርሳል?